የማይሸሹ ግልገሎች

በመልካ ጪሌ ቧንቧ ያለው ቤት ሁሉ አንድ ብርጭቆ አለው። የሚቀመጠው ከቧንቧው አጠገብ፣ ፀሐይ በማያገኘው ጥግ ነው። ሰኞ ጠዋት ሃያ የእንቁራሪት እንቁላል ይገባበትና የቤቱ ውኃ ይሞላበታል። ቅዳሜ አንባቢዋ ትመጣለች። በዚያን ጊዜ እንቁላሎቹ ተፈልፍለው ጭራ አውጥተዋል። አንባቢዋ በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ ታያቸዋለች፤ ጭራው የተጣመመ፣ ሆዱ ያበጠ፣ አንድ ዓይን የጎደለው ካለ ትቆጥራለች። ከሃያው ከሦስት በላይ ከተበላሸ ቧንቧው ላይ ቀይ ምልክት ታስራለች፤ ያ ቤት ምልክቱ እስኪፈታለት ድረስ ከቦቴ ውኃ ይጠጣል። ካልተበላሸ ካርዱ ላይ ትፈርማለች፣ ብርጭቆውን መፍሰሻው ውስጥ ትደፋለች፣ "ደህና ነው" ትላለች። የቤቱ ሰው "እግዜር ይስጥልን" ይላል። የከተማዋ ልጆች ይህን ሥርዓት የሚያውቁት አፍ ከመፍታታቸው በፊት ነው።

በ2093 ዓ.ም. የምሥራቁ ሰፈር አንባቢ ያምሮት ገለታ ነበረች። ዕድሜዋ አምሳ ሁለት ነው፤ በሥራው ላይ ሃያ ዓመት ቆይታለች። መቶ አርባ ቤት በእሷ እጅ ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ ቀይ ምልክት ያሰረችው አራት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ አራቱም ጊዜ ጥፋቱ ብርጭቆው ላይ የቀረ ሳሙና ሆኖ ተገኘ። ከከተማዋ በላይ፣ ወንዙን ተከትሎ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ፣ የአገሪቱ አሮጌ የመኪና ባትሪዎች የሚፈቱበት ሜዳ አለ። የውኃ ማጣሪያው ከተተከለ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ኒኬሉም፣ ኮባልቱም፣ መዳቡም እያንዳንዱ ከተፈቀደለት መስመር በታች ነው። ቁጥሩ በየወሩ አደባባዩ ላይ ይለጠፋል፤ ቆሞ የሚያነበው የለም።

መልካ ጪሌ በልጆቿ ጸጥታ ትታወቃለች። ለበዓል የሚመጡ ዘመዶች "ምን እያበላችሁ ነው የምታሳድጓቸው?" እያሉ ይጠይቃሉ። መብረቅ ሲጮህ ልጆቹ ከደብተራቸው ቀና አይሉም። ውሻ ዘሎ ሲጮህባቸው ቆመው ያዩታል። ዋናው መንገድ ግራና ቀኝ በብረት የታጠረው በ2071 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ትምህርት ቤቱ አዲስ የትምህርት ዓይነት ጀመረ። ስሙ "ድንጋጤ" ይባላል፤ ማክሰኞና ዓርብ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ይሰጣል። መምህሯ ከበስተኋላ ሁለት ጣውላ ታጋጫለች። ልጆቹ ሁለት እጃቸውን ወደ ፊታቸው ያነሣሉ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ ከዚያ ድምፁ ወደ መጣበት ይዞራሉ። በዓመቱ መጨረሻ ፈተና አለ። ጎበዞቹ በአንድ ሴኮንድ ተኩል ይጨርሱታል።

የያምሮት ልጅ ሲፈን ይህን ትምህርት ተምራ አታውቅም፤ አላስፈለጋትም ነበር። ወደ ከተማዋ የመጡት እሷ ሁለት ዓመት ሲሞላት ነው። ሳታስበው ትደነግጥ ነበር። በር ሲላተም ትጮኻለች፣ ፊኛ ሲፈነዳ ታለቅሳለች። ልጆቹ "በርጋጊት" የሚል ስም አወጡላት። አሥር ዓመት ሲሆናት ያምሮት ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፤ የሚያረጋጋ ሽሮፕ ታዘዘላት። አሁን ሲፈን ሃያ አራት ዓመቷ ነው። አግብታለች፤ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ባሏ ናሆም በባትሪው ሜዳ ሹፌር ስለሆነ ቤቱ የሚገባው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። ሲፈን ዛሬም ትደነግጣለች፤ ግን ጥርሷን ነክሳ ትከሻዋን አደብ ማስያዝ ተምራለች።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ጎርፍ ድልድዩን ወሰደው። እንቁላል ከእንቁራሪት ማራቢያው የሚያመጣው መኪና ቀረ። ደንቡ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ብርጭቆ ባዶ እንዳያድር ያዛል። የከተማው ውኃ ኃላፊ ኢንጂነር አቤኔዘር ደወለላት።

"እትዬ ያምሮት፣ ከየትም ብለው እንቁላል ያግኙ። ቅዳሜ ሪፖርቱ መግባት አለበት።"

ከከተማዋ በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ ኦቦ ጉደታ የሚባሉ የሰባ ስድስት ዓመት ሽማግሌ ይኖራሉ። ቧንቧ አልገባላቸውም፤ የሚጠጡት ከጓሯቸው ምንጭ ነው። እዚያ እንቁራሪት ሲጮህ የሰሙ ሰዎች ነበሩ። ያምሮት ጄሪካን ይዛ ወጣች። ያደገችው በዋና ከተማው በኮንዶሚኒየም ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነበርና፣ እንቁራሪት ከብርጭቆ ውጭ አይታ አታውቅም።

ምንጩ ከድንጋይ ሥር ወጥቶ ትንሽ ኩሬ ሠርቷል። ጠርዙ ላይ እንደ ራሰ ተልባ የተዝለገለገ፣ መሐሉ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት እንቁላል ተኝቷል። ቀደም ብለው የተፈለፈሉት ግልገሎች ኩሬው መሐል ተሰብስበው ነበር። ያምሮት ልታያቸው ጎንበስ አለች። ጥላዋ ውኃው ላይ አረፈ። በዚያች ቅጽበት ግልገሎቹ ሁሉ ተበትነው ጠፉ።

ያምሮት ወደ ኋላ ዘለለች።

"ምን ሆኑ?"

"ማን?" አሉ ኦቦ ጉደታ በዘንጋቸው ተደግፈው።

"ግልገሎቹ! ታመዋል እንዴ? ተንዘፈዘፉ እኮ።"

ሽማግሌው የምትቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ፊቷን ሲያዩ ሳቃቸውን ተዉት።

"ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ፈርተውሽ ነው እንጂ! ወፍ መስለሻቸው ነው።"

"ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ?"

"ካልሸሹማ አንድ ይተርፋል?"

ያምሮት ኩሬው ዳር ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። በሃያ ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ግልገል እንዳየች ልታሰላ ሞከረችና ተወችው። ለመቁጠር በላባ ስትነካቸው ወደ ገፋቻቸው ይሄዳሉ፤ ባቆመቻቸው ይቆማሉ። የእንቁራሪት ግልገል ማለት እንደ ምስር ፍሬ ውኃ ውስጥ ዝም ብሎ የሚተኛ ነገር ይመስላት ነበር። አንድም ቀን የሸሻት አልነበረም።

እንቁላሉን ይዛ ወረደችና ለመቶ አርባው ቤት አከፋፈለች። በራሷ ቤት ግን ሁለት ብርጭቆ አስቀመጠች። ከአንዱ የእንቁላል ክምር ለሁለቱም ሃያ ሃያ ቆጥራ አስገባች፤ በአንዱ የምንጩን ውኃ፣ በሌላው የቧንቧውን ሞላች።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት፣ መስኮቱ ጋ ቆማ እጇን በምንጩ ብርጭቆ ላይ አሳለፈች። ግልገሎቹ ወደ ጥጉ ተወረወሩ። በቧንቧው ብርጭቆ ላይ አሳለፈች። ምንም። ደግማ አሳለፈች። በላባ ነካቻቸው። በአጉሊ መነጽሩ አየቻቸው፤ ሃያውም ጭራቸው ቀጥ ያለ፣ ሆዳቸው ያላበጠ፣ ዓይናቸው ሙሉ ነው። እነዚያ ትንንሽ ጥቁር ዓይኖች ወደ እሷ ይመለከታሉ። ከእሷ ምንም አይጠብቁም።

የዚያን ቀን በየቤቱ ስትሄድ መጀመሪያ እጇን ብርጭቆው ላይ ታሳልፋለች፣ ከዚያ ትቆጥራለች፤ ድልድዩ ስላልተሠራ ግን ብርጭቆውን አትደፋም። በየትኛውም ቤት አንድም ግልገል አልሸሸም። ሠላሳኛው ቤት ድረስ "ደህና ነው" አለች። ከዚያ በኋላ ቃሉ አልወጣ አላት፤ ፈርማ ብቻ ትወጣ ጀመር። ሰዎቹ "እግዜር ይስጥልን" ማለታቸውን አልተዉም።

መጨረሻ የደረሰችው ሲፈን ቤት ነው።

"እማ፣ ምን ሆነሻል? ፊትሽ ጠቁሯል።"

"ከዛሬ ጀምሮ ይህን ውኃ እንዳትጠጪ።"

ያምሮት ያየችውን ሁሉ ነገረቻት። ሲፈን እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

"እና ምን ይጠበስ?" አለች። "ልጄ እንደ ጎረቤት ልጆች የተረጋጋች ትሆናለች ማለት ነው። ታድላ!"

"ሲፈን!"

"አንቺ አታውቂውም፣ እማ። ክፍል ውስጥ አንድ ነገር በወደቀ ቁጥር አርባ ልጅ ዞሮ የሚያየው የወደቀውን አልነበረም፤ እኔን ነው። ሽሮፑን ያጠጣሽኝ ማን ሆነና? ያኔ በሽታ ነው አልሽኝ። ዛሬ መጥተሽ ጤናሽ ነበር ትይኛለሽ?"

ያምሮት ካርዱን ሳትፈርም ወጣች።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱን ብርጭቆ ይዛ ውኃ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ኢንጂነር አቤኔዘር የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነው፤ እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ ትሑት፣ ታላቁን የሚያከብር። ወንበር ሳበላት። እሷ ግን አልተቀመጠችም።

"እስቲ እጅህን በዚህኛው ላይ አሳልፍ።"

አሳለፈ። ግልገሎቹ ተበተኑ።

"አሁን በዚያኛው።"

አሳለፈ። የተንቀሳቀሰ የለም። አቤኔዘር ትንሽ አሰበ።

"የትኞቹ ናቸው የታመሙት?"

"የእኛዎቹ ናቸዋ! የማይንቀሳቀሱት!"

"ጭራቸው ቀጥ ያለ ነው?"

"ነው።"

"ዓይናቸውስ?"

"ሙሉ ነው።"

"እትዬ ያምሮት፣ ቅጹ ላይ አምስት ዓምድ አለ። መሸሽ የሚል የለበትም። ውኃውም በሁሉም ማዕድን ከመስመሩ በታች ነው።"

"እያንዳንዱ ከመስመሩ በታች ነው። ሁሉንም አንድ ላይ የሚለካ አለ?"

"አንድ ላይ መስመር አልተሰመረላቸውም።"

ያምሮት ንዴቷን መቆጣጠር አልቻለችም፤ ጠረጴዛውን በመዳፏ በኃይል መታችው። ብርጭቆዎቹ ተንገጫገጩ፤ በገዛ ድምፅዋ ራሷ ክው አለች። አቤኔዘር ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። ሁለት እጁን ወደ ፊቱ አነሣ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፣ ወደ እሷ ዞረ።

"ይቅርታ፣ ትንሽ ዘገየሁ" አለ ፈገግ ብሎ። "ትምህርት ቤት እያለሁ ዘጠና ስድስት ነበር ያገኘሁት።"

ያምሮት ብርጭቆዎቿን አንሥታ ወጣች።

ሥራ ስትጀምር የተሰጣት የቀይ ምልክት ካርቶን ከአልጋዋ ሥር ነበር፤ ከአራቱ በቀር ሁሉም አሉ። ከዚያች ሰኞ ከሰዓት በኋላ አንሥታ እስከ ረቡዕ በመቶ አርባው ቤት ቧንቧ ላይ አሰረቻቸው። ካርዱ ላይ "የተበላሸ፦ ሃያ" ብላ ጻፈች። በሃያ ዓመት ውስጥ የሐሰት ቁጥር ስትጽፍ ያ የመጀመሪያዋ ነው፤ እጇ ግን ከዚያ ቀደም እንዲያ ጸንቶ አያውቅም። ሰዎቹ "እሺ" አሏት። ለምን ያለ አልነበረም። ቦቴዎች መጡ፤ ሕዝቡ ባልዲውን ይዞ ተሰለፈ፤ የተጋፋ የለም።

ዓርብ ዕለት ሁለት ባለሙያዎች ከዋና ከተማው በሌላ መንገድ ዞረው ደረሱ። አርባ ብርጭቆ አነበቡ። ቅርጹ በሙሉ ትክክል ነው። ምልክቶቹ እስከ ማታ ተፈቱ። ያምሮት በሐሰት ንባብ ከሥራ የተሰናበተችበት ደብዳቤ ደረሳት፤ የምትኖርበትን የመሥሪያ ቤቱን ቤትም በአምስት ቀን እንድትለቅ ተነገራት።

ሰው ይሰድበኛል ብላ ጠብቃ ነበር። በየደጁ ስታልፍ "እንደምን ዋልሽ?" አሏት፤ አንዳንዶቹም ዕቃዋን ሊሸከሙላት መጡ። ያጉላላቻቸው ሰዎች ፊት ላይ ቅሬታ ፈለገች፤ አጣች። የጮኸችባት ሲፈን ብቻ ናት።

"አዋረድሽኝ! በዚህ ከተማ እንደገና መሳቂያ አደረግሽኝ!" አለቻት በሩ ላይ ቆማ፣ እንባዋ እየወረደ።

ያምሮት ያን ጩኸት ስትሰማ ልጇን ማቀፍ ፈለገች። ሲፈን ግን በሩን ዘጋችባት።

ያምሮት ኦቦ ጉደታ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየች። በሳምንቱ አንዲት ጎረቤቷ የነበረች ሴት የግልገሎቹን ወሬ ሰምታ ነፍሰ ጡር ምራቷን አስከትላ ጄሪካን ይዛ ወጣች። ከእሷ በኋላ ሌሎችም መጡ፤ ሁሉም ከሌላ አገር መጥተው መልካ ጪሌ ያገቡ አሮጊቶች ናቸው። ሰባት ቤት ሲሞላ ኦቦ ጉደታ ምንጩን ለክተው ሌላ እንዳይጨመር ከለከሉ።

"ከዚህ በላይ አይችልም። በጋ ላይ ለእነዚህም ከበቃ ተመስገን ነው።"

ሲፈን በዚያ ሁሉ ጊዜ አልመጣችም። ናሆም ለያምሮት ሰላምታ እያመጣ፣ ከምንጩ አንድ ጄሪካን ጭኖ ይወርድ ነበር። ትጠጣው፣ አትጠጣው አይናገርም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ሲፈን ዳቦ ልትገዛ ወጣች። ዳቦ ቤቱ ፊት፣ አጥሩ በሚያልቅበት፣ አምስት ሕፃናት ዳቧቸውን ታቅፈው ቆመው ነበር። ዕቃ የጫነ ባጃጅ ፍሬኑ እንቢ ብሎት ቁልቁለቱን ይወርድ ጀመር። ሾፌሩ ጡሩንባውን ነፋ። ሲፈን ጮኸች፤ ምን እንደምታደርግ ሳታውቅ በአጠገቧ ያለችውን ልጅ ክንዷን ይዛ ተስፈንጥራ ግድግዳው ሥር ወደቀች።

አራቱ ልጆች ጡሩንባውንም ጩኸቷንም ሰምተዋል። ዳቧቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ሁለት እጃቸውን ወደ ፊታቸው አነሡ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ባጃጁ የመጣው በዚያ በኩል ነበር።

የሞተ የለም። የሁለቱ ልጆች እግር ተሰበረ። አንደኛው መሬት ላይ ተቀምጦ የተጣመመ እግሩን እያየ ሲፈንን "ልክ ነው ያደረግሁት?" ብሎ ጠየቃት።

በማግሥቱ ጠዋት ሲፈን ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ኮረብታውን ወጣች። ክርኗ ተልጧል። ያምሮት ደጅ ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር።

"መኝታ አለሽ?" አለች ሲፈን።

"አለኝ።"

ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም። ያምሮት ውኃ በጣሳ አመጣችላት፤ ሲፈን ቆማ ጨልጣ ጠጣችው።

ጥቅምት ላይ ሴት ልጅ ወለደች። በአሥረኛው ቀን የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ብሌን ሕፃኗን ልታይ መጣች። ብሌን የመልካ ጪሌ ልጅ ናት፤ እጇ ለስላሳ፣ ንግግሯ ዝግ ያለ። ሕፃኗን መዘነች፣ ዓይኗን አየች፣ ጣቶቿን ቆጠረች። ቀጥሎ በቅጹ ላይ የጆሮ ምርመራ የሚል ስለነበር የብረት ሳህን አውጥታ ከሕፃኗ ራስ አጠገብ ጣለችው።

ሕፃኗ ዝም አለች። ያምሮት ወራቱን አሰላች። ስድስት ወር ከታች፣ ሦስት ወር ከላይ። በልቧ "አንድ" ብላ ቆጠረች። "ሁለት" ልትል ስትል የሕፃኗ ሁለት እጆች ተዘረጉ፣ ጣቶቿ ተከፈቱ፣ ፊቷ ቀላ፣ ክፍሉን የሚሞላ ለቅሶ አለቀሰች።

ሲስተር ብሌን እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች።

"ምን ፈልጋ ነው?" ብላ ጠየቀች።

"ፈርታ ነው" አለች ሲፈን።

"ከሁለት መቶ በላይ አዋልጃለሁ። ሌሎቹ ዓይናቸውን ወደ ድምፁ ያዞራሉ እንጂ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም።" ብሌን ካርዱን አየችው፤ የምትጽፍበት ቦታ አላገኘችም። "ወደ ከተማ ብትወርዱ ይተዋታል መሰለኝ። እዚያ ሕፃናት አይቸገሩም።"

"አንወርድም።"

ሲፈን ልጇን አንሥታ ደረቷ ላይ አስጠጋቻት። "አይዞሽ የእኔ እናት፣ አለሁልሽ፣ አለሁልሽ" እያለች ጀርባዋን ትደባብሳት ጀመር። የሕፃኗ እጆች የእናቷን ቀሚስ ፈልገው ጨመደዱት። ለቅሶው ቀስ በቀስ ወደ ሲቃ ተለወጠ፤ ሲቃውም አለቀ። ሲስተር ብሌን አንዴም ሳታቋርጥ ታያቸው ነበር። የምታየው ሕፃኗን ብቻ አልነበረም፤ ያን መደባበስም፣ ያን መጨምደድም ነበር። ከዚያ ሳህኗን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ተነሣች፤ ግን አልሄደችም። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

"ይሄ ውኃ" አለች፣ "ለአንድ ተጨማሪ ሰው ይበቃል?"

ያምሮት ስለ በጋው አሰበች፤ ኦቦ ጉደታ የሚሉትንም አሰበች።

"ስንት ወርሽ ነው?"

"ሦስት።"

ያምሮት ባዶ ጄሪካን አንሥታ ወደ ምንጩ ወጣች።